የወለቀ ጣት፦ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ ስድስተኛው ሳምንት

ኳስ የጣት ጫፍ ሲመታ፣ ከባጃጅ ሲወርዱ እግር ከድቶ በእጅ ሲደገፉ፣ በር ሲዘጋ ጣት ሲጠመዘዝ መጋጠሚያው ይወልቃል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይከተላል። ወይ አጠገብ ያለ ሰው «ቆይ ላስገባልህ» ብሎ ይጎትተዋል፣ ወይ ባለቤቱ «ወለምታ ነው» ብሎ በጨርቅ ጠምጥሞ ሥራው ላይ ይውላል። በመጀመሪያው ቀን በማደንዘዣ በደቂቃዎች የሚመለስ የነበረ ጣት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

ይህ መመሪያ ጣት መመለስን አያስተምርም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው፣ ምክንያቱንም ወደ ታች እናያለን። የእናንተ ድርሻ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ያለው ሰዓትና ጣቱ ከተመለሰ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ጣት በብዛት የሚበላሸውም በእነዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የትኛው መጋጠሚያ ነው?

ከአውራ ጣት በቀር እያንዳንዱ ጣት ሦስት መጋጠሚያ አለው፦ ከጥፍሩ ሥር ያለው የጫፍ፣ መካከለኛው፣ ቡጢ ስትጨብጡ ጎልቶ የሚወጣው የሥር መጋጠሚያ። በብዛት የሚወልቀው መካከለኛው ነው። ጣቱ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሁለተኛው አጥንት በመጀመሪያው ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ከጎን ስታዩት ደረጃ የሠራ ይመስላል።

ወለምታ ያብጣል፣ ያማል፣ ቅርጹ ግን ቀጥ እንዳለ ነው፤ እያመመም ይታጠፋል። የወለቀ ጣት ተጣሞ ወይም አጥሮ ይታያል፣ በራሱ ኃይልም እሺ አይልም። ስብራትን ከውልቃት በዐይን መለየት ግን አይቻልም፤ ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። «ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ አልተሰበረም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል።

አንድ የሚያታልል ዓይነት አለ። የሥር መጋጠሚያው ሲወልቅ ጣቱ ያን ያህል አይጣመምም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ቀና ብሎ ይቆማል፣ መዳፉ ላይ ያለው ቆዳም ሰርጎድ ይላል። ይህን ካያችሁ ማንም እንዳይነካው። ቀጥታ ሲጎተት በመጋጠሚያው ፊት ያለው ወፍራም ጅማት በሁለቱ አጥንቶች መካከል ይገባና ያለ ቀዶ ሕክምና የማይወጣ ይሆናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሳሙና፣ በረዶ በፌስታል፣ ስስ ጨርቅ፣ ፕላስተር፣ ጎዝ ወይም ጥጥ፣ ፋሻ፣ እና እንደ ድጋፍ የሚያገለግል ቀጭን እንጨት። የአይስክሬም እንጨት ጥሩ ነው። ከሌለ ያልተጠቀማችሁበት መፋቂያ በጥጥ ተጠቅልሎ ይሠራል። ካርቶን አጥፋችሁ መጠቀምም ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቀለበት አውልቁ

ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ። እብጠቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል፤ ቀለበቱ ግን አይሰፋም፣ ደም ያንቃል። በተጎዳው እጅ ላይ ያለውን ቀለበት ሁሉ፣ በሌሎቹ ጣቶች ላይ ያሉትንም፣ አምባሩንና ሰዓቱንም አንሱ።

1. እጁን ከልብ በላይ ለሁለት ደቂቃ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ።
2. ጣቱን በሳሙና ወይም በምግብ ዘይት አለስልሱ።
3. ቀለበቱን አትጎትቱ፤ ቀስ እያላችሁ አዙሩ።

በወለቀው ጣት ላይ ያለ ቀለበት በዚህ ካልወጣ አትታገሉ። በክር ጠምጥሞ ማውጣት የሚባለው ዘዴ ላልተጎዳ ጣት ነው፤ የወለቀ መጋጠሚያ ላይ ክር ማጥበቅ ጉዳት ይጨምራል። ቀለበቱ ይቆረጥ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መቁረጫ ከሌለ ወርቅ ሠሪ ጋ አለ፤ ሐረርም ድሬዳዋም ወርቅ ቤት ሩቅ አይደለም። የማጫ ቀለበት ነው ብሎ የሚያመነታ ሰው ካለ፣ ወርቅ ተመልሶ እንደሚበየድ ንገሩት።

ደረጃ 2፦ ቆዳውን፣ ደሙንና ስሜቱን ፈትሹ

*ቆዳ።* በመጋጠሚያው ዙሪያ የተቀደደ ቦታ፣ ትንሽም ብትሆን፣ አለ? ካለ መጋጠሚያው ለጀርም ተከፍቷል ብላችሁ ያዙት። በንጹሕ ውኃ (የታሸገ ሃይላንድ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ) እያፈሰሳችሁ እጠቡ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጎዝ ሸፍኑ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ወዲያው ሂዱ። አጥንት ከታየ ወደ ውስጥ አትግፉ። የተፈጨ ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ አታድርጉበት፤ ሐኪሙ ሊያጸዳው የሚገባ ተጨማሪ ቆሻሻ ነው። እዚያ ስትደርሱ የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ክትባት መጨረሻ የተወጋችሁበትን ጊዜ ተናገሩ።

*ደም።* የጣቱን ጫፍ ለ5 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። በጤነኛው እጅ ያንኑ ጣት ተጭናችሁ አወዳድሩ። ጥፍሩ ሒና ወይም ቀለም ካለው ከጥፍሩ ምንም አታነቡም፤ የጣቱን ሥጋማ ጫፍ ተጫኑ። ሒናው ጫፉንም ካለበሰው ሙቀቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አነጻጽሩ። ቀዝቅዞ የነጣ ወይም የጠቆረ ጣት ሰዓት አይሰጥም።

*ስሜት።* ዐይን አስጨፍናችሁ የጣቱን ጫፍ በቀኝና በግራ ጎኑ ለየብቻ በቀጭን ነገር ንኩ። ለሁለቱ ጎኖች የተለያየ ነርቭ ስላለ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊደነዝዝ ይችላል። ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ ይህን ማወቅ አይቻልምና ውጤቱን አሁኑኑ ጽፋችሁ ያዙ፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓትም ጨምሩበት።

ደረጃ 3፦ በረዶ፣ ከፍታ፣ ማስታገሻ

በረዶውን በፌስታል አድርጉ፣ በስስ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ 15 ደቂቃ ያዙ፣ አንሱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙ። በድሬዳዋ ሙቀት በረዶው ቶሎ ሲቀልጥ ሰው ጨርቁን አንስቶ በቀጥታ ቆዳ ላይ ያደርገዋል፤ ያ ቆዳ ያቃጥላል። በረዶ ከጠፋ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ወይም ሃይላንድ ያገለግላል።

እጁን በተቃራኒው ትከሻ ላይ አሳርፉ። ወደ ታች የተንጠለጠለ እጅ በየደቂቃው ያብጣል።

ለአዋቂ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪም ይንገረው። አይቡፕሮፌን የሚወስድ ምግብ በልቶ ይውሰድ፤ ጫት ላይ ውሎ በባዶ ሆድ መዋጥ ጨጓራን መጋበዝ ነው። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አይቡፕሮፌኑን ይተዉት። ለሕፃናት መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ማሸት የለም። በቅቤም፣ በቫዝሊንም፣ በሙቅ ውኃም። በመጀመሪያው ቀን መታሸት ደም መፍሰሱን ያበዛል፣ የተሰበረ ካለም ያንቀሳቅሳል።

ደረጃ 4፦ ባለበት እሰሩ

የተጣመመውን አታቅኑ። እንጨቱን በጥጥ ጠቅልላችሁ ጣቱ በቆመበት ቅርጽ ከሥሩ ደግፉ፣ ክፍተቱን በጥጥ ሙሉ፣ ከመጋጠሚያው በላይና በታች በፕላስተር ያዙ። የወለቀው መጋጠሚያ ላይ ፕላስተር አይለፍ። የጣቱ ጫፍ ክፍት ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው ቀለሙን ታያላችሁ።

እንጨቱ አልመች ካለ መዳፉ ውስጥ የተጠቀለለ ካልሲ አስይዛችሁ እጁን በሙሉ በፋሻ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። የባጃጅ መንገጫገጭ ለሕመምተኛው ከባድ ስለሆነ እጁን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት።

ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከጨመረ፣ ጫፉ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ጠባብ ነው። ፍቱት፣ አላልታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ስለ ወጌሻ

ወጌሻ ጋ ቶሎ ይደረሳል፣ ወረፋ የለም፣ ዋጋውም ይቀላል። የጎደለው ራጅ ነው። ከወለቀው አጥንት ጫፍ ላይ የተገነጠለች ቁራጭ ካለች በእጅ አትታወቅም፤ ተጎትቶ ሲመለስ ቁራጯ መጋጠሚያው ውስጥ ትቀራለች። ሁለተኛው አደጋ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ነው። ደም ያጣ ጣት ይሞታል፣ የሞተ ጣት ይቆረጣል።

ቀድሞ ታስሮ የመጣ ሰው ካጋጠማችሁና ጣቱ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ካስለቀሰው፣ አንድ ዙር ማላላት አይበቃም። እስከ ቆዳው ድረስ ያለውን ሁሉ በቁመቱ በመቀስ ቁረጡና በዚያው ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 5፦ የት፣ መቼ፣ ምን ይዞ

ብዙ ጤና ጣቢያ ራጅ የለውም፤ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ጊዜ ያተርፋል። ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል አለ። የጤና መድን የምትጠቀሙ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ጉዳይ እንዳይገጥማችሁ መታወቂያውን ይዛችሁ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ጠይቁ። ድንገተኛ ከሆነ ግን ወረቀት ፍለጋ አትዙሩ።

ሌሊት ከወለቀና ቆዳው ካልተቀደደ፣ ቀለሙና ስሜቱ ደህና ከሆነ፣ በድጋፍና በበረዶ እስከ ማለዳ ማደር ይቻላል። ከቆሰለ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ሌሊቱኑ ውጡ። «ሰኞ እሄዳለሁ» ብሎ ቀናት መቁጠር ግን አይሆንም፤ በቆየ ቁጥር ጅማቱ ይጨማደዳል፣ መመለሱ ይከብዳል።

ሕፃን ከሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል እስኪታይ ምግብ አትስጡት። በልጅ ላይ ውልቃት የሚመስለው ብዙ ጊዜ በአጥንቱ ማደጊያ በኩል የተሰበረ ነው። በድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት ጣቱ የተጣመመ ልጅ ከአዋቂው የበለጠ ራጅ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 6፦ ሐኪም ፊት

ራጁ ቢያንስ ከፊትና ከጎን ይነሳ። ከጎን ሲነሳ የተጎዳው ጣት ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ጣቶቹ ተደራርበው ከተነሱ ትንሿ ስብራት ትደበቃለች። «የጣቱ ብቻ፣ ከጎን» ብላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከዚያ ጣቱ ሥር በሁለት ጎን ማደንዘዣ ይወጋል፤ እስኪደነዝዝ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበቃል። በብዛት በሚታየው የመካከለኛ መጋጠሚያ ውልቃት ሐኪሙ ጣቱን በቀጥታ አይስብም። የወጣውን አጥንት ወደ ኋላ ትንሽ ቀና ያደርግና ከሥሩ ወደ ፊት እየገፋ ያንሸራትተዋል። መንገድ ላይ የሚጎትት ሰው የሚስተው ይህን ነው። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ካለ ውስጡ የተወሸቀ ነገር አለ ማለት ነው። ሦስተኛና አራተኛ መጎተት አትፍቀዱ፤ ወደ አጥንት ሐኪም ይመራ።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን አስጨርሱ፦

1. ከተመለሰ በኋላ ሌላ ራጅ። ቅርጹ ተስተካከለ ማለት መጋጠሚያው በትክክል ገጥሟል ማለት አይደለም።
2. ራሳችሁ ስታጥፉና ስትዘረጉ ተመልሶ ይወጣል? የማይወጣበትን ማዕዘን ሐኪሙ ይወቅ።
3. ወደ ጎን ሲገፋ ይዋዥቃል?
4. የጀርባው ጅማት ሙሉ ነው? ለዚህ መካከለኛው መጋጠሚያ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ 90 ዲግሪ ታጥፎ እንድትዘረጉት ይደረጋል፤ ሐኪሙ ከላይ ይይዛል። መካከለኛው ኃይል አጥቶ ጫፉ ብቻ ድርቅ ብሎ ከተነሳ ጅማቱ ተበጥሷል።

አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በዕለቱ ምንም አይታይም፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ መካከለኛው ታጥፎ ይቀራል። በተለይ የወለቀው ወደ መዳፍ በኩል ከነበረ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ስድስቱ ሳምንታት

የሚታሰርበት መንገድ እንደ ጉዳቱ ይለያያል። የጎረቤታችሁን ጣት አይታችሁ አትቅዱ።

*ወደ ኋላ ወልቆ የተመለሰና የማይዋዥቅ መካከለኛ መጋጠሚያ፦* ከጎረቤቱ ጣት ጋር ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮም ይንቀሳቀሳል።

*ሲዘረጋ የሚወጣ፦* በጀርባው በኩል ቀጥ እንዳይል የሚከለክል ድጋፍ 30 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ ይደረጋል፤ በሐኪም ክትትል በየሳምንቱ 10 ዲግሪ ያህል ይከፈታል። ማጠፍ ይፈቀዳል።

*ወደ መዳፍ የወለቀ ወይም የጀርባ ጅማቱ የተበጠሰ፦* መካከለኛው ብቻ ቀጥ ብሎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይያዛል። የጫፉ መጋጠሚያ ነጻ ሆኖ መታጠፍ አለበት።

*ጫፉ ወደ ታች የተንጠለጠለ፦* የጫፉ መጋጠሚያ ሌት ተቀን ቀጥ ብሎ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። ለማጠብ ድጋፉን ስታወጡ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ያዙ። አንድ ጊዜ ከወደቀ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።

*አውራ ጣት፦* ከሥሩ በውስጥ ጎን ከተጎዳ መቆንጠጥ ያሳጣል። ጀሶ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል በፕላስተር አትሸውዱት።

ከጎረቤት ጣት ጋር ስታስሩ፦

1. ትንሿን ጣት ከቀለበት ጣት፣ ሌባ ጣትን ከመሃል ጣት ጋር አጣምሩ። ለሌሎቹ ጅማቱ በተጎዳበት ጎን ያለውን መምረጥ ይሻላል።
2. በመሃላቸው የታጠፈ ጎዝ አድርጉ። ያለ ጎዝ ቆዳ ከቆዳ ሲተሻሽ በሙቀት ይነጣል፣ ይላጣል።
3. አንድ ፕላስተር በሥርና በመካከለኛው መጋጠሚያ መሃል፣ ሌላው በመካከለኛውና በጫፉ መሃል። መጋጠሚያዎቹ ራሳቸው ክፍት ይሁኑ።
4. ጎዙን በቀን አንዴ ለውጡ፤ በድሬዳዋ የሙቀት ወራት ሁለቴ።

ለውዱ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት) በቀን አምስት ጊዜ እጁን የሚያርስ ሰው ጎዙ ሁልጊዜ እርጥብ ይሆንበታል። በታሰረ ጉዳት ላይ ማበስ በሃይማኖቱ የታወቀ ፈቃድ ስለሆነ የሰፈራችሁን ሼህ ጠይቁ፤ በተለይ ጫፉ ቀጥ ብሎ ለታሰረ ሰው ጥያቄው የሚዘገይ አይደለም። ቀኝ እጅ ከሆነ ደግሞ ወጥ ፕላስተሩ ውስጥ ይገባል፤ ለጥቂት ሳምንት በማንኪያ ብሉ።

ደረጃ 8፦ ማንቀሳቀስ

ብዙ ሰው ሕመም ፈርቶ ጣቱን ስድስት ሳምንት ቀጥ አድርጎ ያቆየዋል። የጣት መጋጠሚያ በፍጥነት ይደርቃል፤ የደረቀውን መመለስ ደግሞ የወለቀውን ከመመለስ ይከብዳል። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ከፈቀደ፣ በፈቀደው ማዕዘን ውስጥ፣ በቀን 5 ጊዜ እያንዳንዱን 10 ጊዜ ሥሩ፤ መጨረሻው ላይ 5 ሰከንድ ቆዩ።

1. ጣቶቹን ዘርጉ።
2. የሥር መጋጠሚያውን ቀጥ አድርጋችሁ ሁለቱን ብቻ እንደ መንጠቆ እጠፉ።
3. ሙሉ ቡጢ ጨብጡ።
4. በሌላው እጅ ከመካከለኛው መጋጠሚያ በታች ያዙና መካከለኛውን ብቻ እጠፉ።

ሌላ ሰው እንዲገፋላችሁ አትፍቀዱ። ከሥራው በኋላ ያለው ሕመም በግማሽ ሰዓት ከበረደ ልኩ ነው። በማግስቱ እብጠቱ ከጨመረ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላያችሁ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ይመሯችሁ።

ሲበላሽ

*እንደገና ወለቀ።* ከደረጃ 1 ጀምሩ። «አሁን ላላ ብሏልና እኔው እመልሰዋለሁ» አትበሉ፤ መላላቱ ራሱ የተሰበረ ወይም ያልታየ ነገር እንዳለ ምልክት ነው።

*መካከለኛው ቀጥ አልል፣ ጫፉ ወደ ኋላ ቀና አለ።* የጀርባው ጅማት ነው። በዚያው ሳምንት ታዩ፤ ሳይደርቅ ከተደረሰ ድጋፍ ብቻ ሊያቀናው ይችላል።

*መካከለኛው ወደ ኋላ እየተለጠጠ ጫፉ አጎነበሰ።* የፊቱ ጅማት ላልቷል። ማጠፍን አታቁሙ፤ ሙሉ መዘርጋትን ግን ትታችሁ ሐኪም አማክሩ።

*ጣቱ ቀላ፣ ጋለ፣ መግል ወጣ፣ ወይም ግማሽ ታጥፎ ሲዘረጋ የሚያስጮህ ሆነ።* ኢንፌክሽን ነው፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ከቀድሞ የተረፈ አንቲባዮቲክ ውጣችሁ አትጠብቁ።

*ሳምንታት አልፈው አሁንም እንደወለቀ ነው።* ማንም እንዳይጎትተው። የድሮ ራጅ ካለ ይዛችሁ በቀጥታ አጥንት ሐኪም ጋ ግቡ።

*ከሦስት ወር በኋላም ወፍሯል።* ይህ ብልሽት አይደለም። መካከለኛ መጋጠሚያ ከውልቃት በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ወፍሮ ይቆያል፤ ትንሽ ውፍረት ለዘለቄታው ሊቀርም ይችላል። ከታጠፈና ከተዘረጋ በውፍረቱ አትጨነቁ።

ኳስ የሚጫወት ሰው፣ በረኛ ከሆነ በተለይ፣ ወደ ሜዳ ሲመለስ ጣቶቹን ለተጨማሪ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አጣምሮ አስሮ ይጫወት። የወለቀውን ጣት ቀለበት ለማስፋት ወርቅ ሠሪ ጋ የምትሄዱት እብጠቱ መቀነሱን ካቆመ በኋላ ነው። ከስድስት ወር በፊት ካሰፋችሁት ሁለተኛ ታጠብቡታላችሁ።